ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

የክፍላችን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ዘንድሮ በኸሪፍ፣ ማለትም በካርቱም የዝናብ ወራት፣ አልከፈትም አለ። ሁለት ተማሪዎች ተጋግዘው ሲጎትቱት ቆዩና መጨረሻ ላይ እጀታው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። የማስተምርበት የካርቱም ኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ከማስተማሬ በፊት የእንጨት ሠራተኛ እንደነበርኩ ያውቃሉ። «ሂሩት፣ እርጥበት ዕቃችንን እንዳያበላሸው ምን ማድረግ እንዳለብን በአንድ ገጽ ጻፊልንና በየክፍሉ እንለጥፈው» አሉኝ። ማስረዳት ስለምወድ ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ምክሩን ከማን እንደተማርኩት መናገር አስፈለገኝ፤ ከዚያ እንዴት እንደተማርኩት፤ ከዚያም ያ ሙያ ሰዓዳ በምትባል ሴት ላይ ያደረሰውን። ገጹ አልበቃኝም። ለግድግዳ የሚሆነውን ለብቻው ጽፌ ሰጥቻለሁ። ይህ የተረፈው ነው።

ካርቱም ውስጥ ስለ እርጥበት ማውራት ሰውን ያስቃል። ከተማው በረሃ ላይ ነው፤ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ አሸዋ እናኝካለን፤ የተሰጣ ልብስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይደርቃል። እንጨት ግን የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ሙቀቱን የሚሸሸው በውሃ ነው። ወለሉ በየማለዳው በባልዲ ይታጠባል። መስኮት ላይ የተገጠመው የውሃ ሙከየፍ፣ ውሃ ባራሰው ጭድ ውስጥ አየር እያሳለፈ የሚነፋው ትልቅ ሣጥን፣ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ንፋስ ይልካል። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ሌላው መስኮት ከተዘጋ ያ እርጥበት መውጫ የለውም። እንጨት ይህን ሁሉ ይጠጣና ያብጣል። ደረቁ የጥር ንፋስ ሲመጣ ደግሞ የጠጣውን ይተፋና ይሰነጠቃል።

ለተማሪዎቼ «ጣውላ አይረዝምም፤ ይሰፋል» እላቸዋለሁ። የሚያብጠው በወርዱ ነው። ፊቱ ቫርኒሽ ተቀብቶ ጀርባው ራቁቱን ከተተወ አንዱ ጎን ሲጠጣ ሌላው ስለማይጠጣ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠማዘዛል። ብዙ ሰው ግን የሚቀባው ፊቱን ብቻ ነው። እኔም ሥራ የጀመርኩት ፊት ብቻ በሚቀባበት ወርክሾፕ ነበር።

ወርክሾፑ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ነው። ባለቤቱ ኡስታ ባቢክር የሚባል ሱዳናዊ ነበር፤ ኡስታ የእጅ ሙያ ያለው ሰው መጠሪያ ነው። የሚሠራው ለሙሽሮች የመኝታ ቤት ዕቃ ነበር። ሴት ነሽ ብሎ መጋዝ አላስነካኝም፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ግን ሰጠኝ። ክፍያው በተሠራው ልክ ነበር፤ ብዙም አልነበረም። ሳቂታ ሰው ነበር። ብሩሼን ይዤ ወደ አንድ ቁም ሣጥን ጀርባ ስዞር ካየኝ፣ «ያ ሂሩት፣ ሙሽራው የሚያገባው ግድግዳውን ነው እንዴ?» ይላል። ሠራተኛው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን እየሳቅኩም ቢሆን በቆርቆሮው ግርጌ በተረፈችው ቫርኒሽ ጀርባውን አንድ ጊዜ እቀባው ነበር።

ጋሽ ተሰማ ያገኙኝ በዚሁ ምክንያት ነው። የጎንደር ሰው ናቸው፤ ካርቱም ሲገቡ ጠጉራቸው ጥቁር እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይናገራሉ። እዚያው ሐጅ ዩሱፍ የራሳቸው ትንሽ ወርክሾፕ ነበራቸው፤ አዲስ ዕቃ አይሠሩም፤ የተበላሸውን ነው የሚጠግኑት። አንድ ቀን ቁርጥራጭ ጣውላ ሊገዙ መጥተው «ያቺ ጀርባ የምትቀባው ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ኡስታ ባቢክር «ውሰዳት፣ ቫርኒሼን ጨረሰችው» አላቸው።

እኔን የፈለጉበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። የሥራቸው አብዛኛው አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ባሉት ትልልቅ ቤቶች ነው። እርጥበት ደግሞ ከሁሉ የሚያጠቃው መኝታ ቤትን ነው። የቤቱ ወንዶች በሌሉበት ባዕድ ወንድ የሴት መኝታ ክፍል አይገባም። ጋሽ ተሰማ ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ እኔ እገባለሁ፣ አያለሁ፣ እዳስሳለሁ፣ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። መፍትሔውን እሳቸው ይሰጣሉ፤ ተመልሼ ገብቼ የምሠራው እኔ ነኝ። ስሜን ትተው «ዓይኔ» ይሉኝ ጀመር።

የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ወጣሁና «እርጥብ ነው» አልኳቸው።

«ውሻም እርጥብ ይሆናል» አሉ። «የት ጋ? ምን ያህል? ከላይ ነው የጀመረው ከታች? ተመለሺ።»

ተመለስኩ። በዚያ ቀን ያቺን በር ስንት ጊዜ እንደወጣሁባትና እንደገባሁባት የቤቱ ልጆች እየቆጠሩ ይስቁብኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሳልጠየቅ በቅደም ተከተል መናገር ለመድኩ። ጋሽ ተሰማ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። መጀመሪያ መሳቢያው ወጥቶ ይሸተታል፤ ሻጋታ ከመታየቱ በፊት ይሸታልና። ከዚያ እንጨቱ ይዳሰሳል፤ በመዳፍ ግን አይደለም። «መዳፍ ሥራ አደንድኖታል፣ ይዋሻል፤ በእጅሽ ጀርባ ንኪው» ይሉኛል። እርጥብ እንጨት ለእጅ ጀርባ ከደረቁ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በጣት አጥንት ይንኳኳል፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ያበጠው ድምፁ ይታፈናል። የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከኋላውስ?»

ያየሁትን ላላየ ሰው በትክክል መናገር የተማርኩት እዚያ ነው። ዛሬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም የማደርገው ከዚያ ብዙም የተለየ አይመስለኝም።

እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ የካርቱም ፀሐይ በአንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያልፍበት፣ ከሥሩ ቁርጥራጭ ተደርጎለት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሳይደርቅ ቫርኒሽ አይቀባም። ከሁሉ አብልጦ የሚጠጣው በመጋዝ የተቆረጠው ጫፉ ነው፤ ስለዚህ የእግሩ ታች የተልባ ዘይት ደጋግሞ ይጠጣል፣ ከዚያ በሰም ይታሻል። ከእግሩ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይደረጋል፤ ወለል ሲታጠብ እግሩ ውሃው ውስጥ እንዳይቆም። ዕቃውም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። ጋሽ ተሰማ «ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ትንሽ ክፍተት ያስፈልገዋል» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ሙያ ስንት ቤት ውስጥ ሠርቷል። ያልሠራው ሐጃ ነፊሳ ቤት ነው።

ሐጃ ነፊሳ አል-ማንሺያ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ቁም ሣጥናቸው አባታቸው በማሆጋኒ ያሠሩላቸው፣ በሮቹ ላይ ቅርጽ የተፈለፈለበት፣ ግድግዳውን ግማሽ የሚይዝ ትልቅ ዕቃ ነበር። ልጃቸው ልታገባ ስለነበር ለእሷ ሊሰጡት አስበዋል። ድንገት በሮቹ አልገጥም አሉ፤ ውስጥ በተሰቀለው በአዲሱ ቶባቸው ላይ፣ በሱዳን ሴቶች ረጅም መጠቅለያ ላይ፣ የሻጋታ ነጠብጣብ ወጣ። ሐጃ ገና ሳንገባ ጥፋተኛዋን ያውቁ ነበር። ሠራተኛቸው ሰዓዳ ናት፤ ወለሉን በባልዲ የምታጥበው።

ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለች። የምትኖረውም እዚያው ቤት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን በአማርኛ ቀስ ብላ፣ «እህቴ፣ ይህን ወለል እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው የማጥበው። ዱላቡ ምንም ሆኖ አያውቅም። ለምን አሁን?» አለችኝ። ዱላብ የምትለው ቁም ሣጥኑን ነው።

ወጥቼ ሁሉንም ነገርኩ። የእግሮቹ ታች ጠቁሯል፣ ቫርኒሹ ተላጧል፣ መሳቢያው ይሸታል። የሰዓዳንም ቃል ነገርኩ። ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይኔ፣ የምታጥብ ሁሉ ይህንኑ ነው የምትለው። በየቤቱ ሰምቼዋለሁ።» ከዚያ «ከኋላውስ?» አሉ። ቁም ሣጥኑ በሙሽራዋ ዕቃ ተሞልቶ ስለነበር ሐጃ ከግድግዳው እንዲጎተት አልፈቀዱም። ጋሽ ተሰማ ትንሽ አሰቡና «ይሁን፣ የእግሩ መጥቆር ይበቃል» አሉ። ያን ጥያቄ ሳይመለስ ሲያልፉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለሐጃም በዓረብኛ «የወለል ውሃ ነው» አሏቸው። ሐጃ ሻይ የምታቀርበውን ሰዓዳን ቀና ብለው አዩ።

እኔና ሰዓዳ ቁም ሣጥኑን ማዕዘን በማዕዘን በእንጨት እያነሣን እግሮቹን አደረቅን፣ ዘይት አጠጣን፣ ሰም አሸን፣ የጎማ ቁራጮቹን አስገባን። ልብሱን በተራ በተራ እያወጣሁ ታቹንና ውስጡን ቫርኒሽ ቀባሁት። ጋሽ ተሰማ ከዚያ ወዲያ ባልዲ እንዳይገባ፣ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ እንዲወለወል አዘዙ። ሐጃ ለሰዓዳ፣ ይህ ነገር ከተመለሰ አንቺም ትሄጃለሽ አሏት።

ከኸሪፍ በኋላ ተመለሰ።

ይህን ያወቅነው ሰዓዳ ራሷ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ ስትመጣ ነው። ከራክሻ፣ ከባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ ወርዳ የጋሽ ተሰማ ወርክሾፕ በር ላይ ቆመች። ጋሽ ተሰማ በመላጊያ ጣውላ ይልጉ ነበር። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ያውቁኛል?»

አላወቋትም።

«ሻይ ያቀረብኩልዎት ነኝ። የሐጃ ነፊሳን ዱላብ በውሃ አበላሸች ብለው የመሰከሩብኝ።»

«እኔ በአንቺ ላይ አልመሰከርኩም ልጄ። የተናገርኩት ስለ ውሃው ነው።»

«ውሃውን የሚያፈሰው ማን ነው ታዲያ? ጂኒ ነው?»

ጋሽ ተሰማ መላጊያቸውን አስቀመጡ። ሰዓዳ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው። እኛ ከሄድን ጀምሮ ባልዲ ያን ክፍል አልረገጠም። ተንበርክካ በጨርቅ ነበር የምትወለውለው፤ የቁም ሣጥኑን እግር በየቀኑ በሻሽዋ ጫፍ ታደርቅ ነበር። ቢሆንም የጀርባው ጣውላ አብጦ ተሰነጠቀ፤ አንዱ በር ከማጠፊያው ወለቀ። ሐጃ፣ ዋሽተሽኛል፣ በድብቅ በባልዲ ስታጥቢ ኖረሻል ብለው እስከ ሐሙስ እንድትወጣ ነግረዋታል። ሌላ ሥራ ፍለጋ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት ስታንኳኳ የቤቱ እመቤት «ዱላብ ያበሰበስሽው አንቺ ነሽ?» ብላ በሩን መለሰችባት።

«ቃልዎ ከእኔ ቀድሞ መንገድ ተሻግሯል» አለች። «ሥራ ከሌላ ሰፈር ይገኛል። ስሜን ግን የት ሄጄ ልፈልገው? በወሰዱበት ይመልሱልኝ። ያኔም ለዚች ነግሬያታለሁ፤ ለምን አሁን ብያታለሁ።»

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ አዩ። መንገሬን ያስታውሳሉ። የሰጡትንም መልስ ያስታውሳሉ። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ በፊት በሌላ ቤት ሲጠይቁ ያልሰማሁትን ጥያቄ ጠየቁ፦

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሰዓዳ ለማሰብ አልቆመችም። «የእንግዳ ሐማም ከተሠራ ወዲህ። ሽታው መጀመሪያ የመጣው ያኔ ነው። ልብሶቹን የማጥፈው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

ሐማም መታጠቢያ ቤት ነው። አዲሱ የተሠራው በዚያ መኝታ ክፍል የውጭ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። በሩ በሌላ በኩል ስለሆነ ከክፍሉ ውስጥ አይታይም። እኔ አላየሁትም፤ ጋሽ ተሰማም ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር አይታያቸውም።

በማግሥቱ ሦስታችንም ሄድን። ሐጃ ነፊሳ ሰዓዳን ከእኛ ጋር ሲያዩ ፊታቸውን አጠቆሩ። ክፍሉ ያው ክፍሉ ነው፣ አሁን ምን ልትጨምሩበት ነው አሉ። ጋሽ ተሰማ አንገረቡ ላይ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ሐጃ፣ ያኔ በቤትዎ የተናገርኩት ቃል ከብዶኛልና ሂሩት ከግድግዳው አርቃ ትየው አሉ። ሐጃ «ያላ፣ ያ ቢንቲ»፣ በይ ነይ ልጄ፣ ብለውኝ ራሳቸው ቀድመው ገቡ።

ልብሱን ሁሉ አውጥተን አልጋው ላይ ከመርን። ሐጃ፣ ሰዓዳና እኔ ትከሻችንን አስደግፈን ያን ቁም ሣጥን ገፋነው። ከኋላው ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነስቷል፤ ከሥሩ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ወጥቷል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ግድግዳ ከክፍሉ አየርም ሊረጥብ ይችላል። ለዚህ ጋሽ ተሰማ ያስተማሩኝ ፈተና አለ። ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ዙሪያውን በማጣበቂያ ይለጠፍና አንድ ቀን ይቆያል። ጠብታው በፕላስቲኩ ፊት ላይ ከመጣ እርጥበቱ ከአየሩ ነው። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከመጣ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል። ፕላስቲክ አልያዝንም ነበር። የሙሽራዋ አዲስ ፍራሽ እንደተለመደው ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። ሐጃ ትንሽ አመነቱና መቀስ አምጥተው ከፍራሹ ላይ ቆርጠው ሰጡኝ።

በማግሥቱ ስንመለስ ፊቱ ደረቅ ነበር። ከጀርባው ያለው ጠብታ በዝቶ ወደ ታች መስመር እየሠራ ይወርዳል። ሐጃ በአንድ ጣታቸው ነኩት። «ሱብሓነላህ» አሉ። ከዚያ ሰዓዳን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ፣ «ይህን ሐማም ያሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ወደ ግቢው ወጥቼ ለጋሽ ተሰማ ነገርኳቸው። ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ይፈስሳል፤ ጣውላው በጀርባው ይጠጣል፤ ታቹንና ውስጡን ደግሞ እኛው በቫርኒሽ አትመንበታል። የገባው ውሃ መውጫ አልነበረውም። ሕክምና ብለን የሠራነው ቆልፎበታል። ጋሽ ተሰማ ሰምተው ጨረሱና ሰዓዳን አስጠሯት። በሐጃ ፊት፣ ሐጃም እንዲገባቸው በዓረብኛ፣ «ያኔ ሳላይ ፈርጄብሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ በአማርኛ መልሳ፣ «መንገድ ማዶ ያሉትስ ይህን ሰምተዋል?» አለች።

እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም። ሐጃ ከፊቷ ገብቷቸዋል።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት ከሰዓዳ ነው። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ሴቶች እንደወትሮው ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊጠጡ መጡ፤ በሩን የመለሰችባትም እመቤት ነበረች። ሐጃ ሻዩ ሳይቀዳ ሁሉንም አስነሥተው ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰዷቸው። ፕላስቲኩን አላስነሡም ነበር። አንድ በአንድ እንዲነኩት አደረጉና፣ «ዱላቤን ያበሰበሰው የእኔው ሐማም ነው። ይህቺ ልጅ ግን በጉልበቷ ስትወለውል ኖራለች» አሉ። ሰዓዳ በሩ ላይ የሻይ ሰሐን ይዛ ቆማለች። የትኛዋ ምን እንዳለች አታስታውስም። የምታስታውሰው ያን ቀን ብርጭቆዎቹን ይዛ ስትገባ አንገቷን አለመድፋቷን ነው።

ቁም ሣጥኑ ግን አልዳነም። ጀርባውና አንድ ጎኑ በጣት ሲጫን ይፈረፈር ነበር። በሮቹን ብቻ አዳንን። የሙሽራዋ አዲስ ቁም ሣጥን ሲሠራ እነዚያ በሮች ተገጠሙበት፤ ሐጃም ያንኑ አባታቸውን የሚያስታውሱበትን ቅርጽ አገኙ። ጋሽ ተሰማ የበሰበሰውን ጣውላ ግን አልጣሉትም። ወርክሾፑ ውስጥ፣ መላጊያው በሚሰቀልበት ምስማር አጠገብ፣ ለዓመታት ተሰቅሎ ኖረ። ሰው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ «መምህሬ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ ልማዳቸው ተለወጠ። ቤት ስንደርስ መሳቢያ ሳይሸተት፣ እንጨት ሳይነካ በፊት «ቤቱን የምታጥበው ማን ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። ትጠራለች። ኢትዮጵያዊት ከሆነች በአማርኛ፣ ካልሆነችም በዓረብኛ፣ አንገረቡ ላይ ፈቀቅ ብለው ያስቀምጧትና፣ ምን አጠፋሽ ሳይሆን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ይሏታል። አንዳንዷ ደንግጣ አትቀመጥም። አንዳንዷ ግን አንዴ ከጀመረች የማታቆም ትሆናለች፤ ስለ ሙከየፉ ቱቦ፣ ዓባይ ሲሞላ ስለሚረጥበው ጥግ፣ ስለ ተዘጋው መስኮት። እኔ ከመግባቴ በፊት የጥያቄው ግማሽ ይመለሳል። ሰዓዳ እስከ ሠርጉ ድረስ ሐጃ ነፊሳ ቤት ቆየች፤ ከዚያ በገዛ ፈቃዷ ሶባ ሰፈር ወዳለ ቤት ተዛወረች፤ ሐጃም ራሳቸው ስለ እሷ መሰከሩላት። ሐፍላ፣ ማለትም ድግስ፣ ላይ ስንገናኝ «ጋሼ አሁንም ይጠይቃሉ?» ትለኛለች።

ጋሽ ተሰማ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወርክሾፑን ዘጉ። እኔም ቀድሞ ልጅ ሆኜ ወደተማርኩበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ የክፍሌን ቁም ሣጥን እንዲያዩልኝ ጠራኋቸው። ባለፈው ማክሰኞ መጡ። የሴት መኝታ ቤት አይደለም፤ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አይከለክላቸውም። እሳቸው ግን ከልማዳቸው አልወጡም፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«በይ ዓይኔ» አሉ። «ከበሩ ጀምሪልኝ።»

ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩናል። ለመናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ክፍሎቹን የምታጸዳው እትዬ አልማዝ በግቢው ማዶ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ከሩቅ ታየን ነበር።

«ቆይ ጋሽ ተሰማ» አልኳቸው። «መጀመሪያ እትዬ አልማዝን ልጥራት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በትራቸውን አነሡና፣ በአግዳሚው ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው ፈቀቅ አሉ።